ስለ ልጄ ፀጉር ለጠየቃችሁኝ ሁሉ



ከእህቴ ሠርግ ላይ የተነሳነውን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ቲቸር፣ የልጅዎን ፀጉር ማን ሠራላት?»፣ «ምንድን ነው የሚቀቧት?»፣ «እዛ በረሃ ውስጥ እንዴት ሳይንጨባረር ቀረ?»። አንዷ ደግሞ «ሪላክስ ነው አይደል? የምርቱን ስም ብቻ ይንገሩኝ» ብላኛለች። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

መልሱ ባጭሩ ይኸው፦ የሠራኋት እኔ ነኝ። የቀባኋት ውሃ፣ ተልባና ጥቂት ጠብታ ዘይት ነው። ሪላክስ አይደለም። ሪላክስ እንዳይሆን ግን ቤተሰብ ውስጥ ትንሽ ጦርነት ነበር፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

ለማታውቁኝ ተከታዮች፦ አርቦሬ የምኖር፣ በዲፕሎማ የተመረቅሁ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። የቆዳ ሐኪም አይደለሁም፣ ፀጉር ሠሪም አይደለሁም። የስምንት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። እናቷ ለሥራ ዓረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏታል። ስለዚህ ምግቡም፣ የቤት ሥራውም፣ ፀጉሩም የእኔ ነው።

አርቦሬን ለማታውቁ ደግሞ፦ ከጂንካ ተነስታችሁ በቀይ አፈር በኩል ቁልቁል ወደ ወይጦ ወርዳችሁ፣ ከዛ ወደ ቱርሚ በሚወስደው መንገድ ስትታጠፉ፣ ወደ ጨው ባሕር በሚዘረጋው ሜዳ ላይ ታገኟታላችሁ። ጂንካ ደጋ ባትሆንም ከእኛ ጋር ስትወዳደር ደጋ ናት። እዚህ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ነፋሱ አቧራ ይዞ ይመጣል፣ የምንቀዳው ውሃ ደግሞ ጨው ጨው ይላል። ለፀጉር ከዚህ የባሰ ጠላት የለም።

የልጄ ፀጉር በጣም የተጠቀለለ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቶሎ የሚደርቅ ነው። ጠዋት አምሮ ከቤት ይወጣል፤ እረፍት ሰዓት ላይ እንደ ጥጥ ተነፍቶ ይገኛል። በአማርኛችን ለእንዲህ ዓይነቱ ፀጉር ያለን ቃል ራሱ ደግ አይደለም። ሉጫውን «ዞማ» ብለን በዘፈን እናወድሳለን፣ የተጠቀለለውን «ከርዳዳ» ብለን እንሰድባለን። ማበጠሪያ ሲይዘው ደግሞ «እንቢ አለ» እንላለን፣ ልክ እንደ አመፀኛ ልጅ።

ወደ ጦርነቱ ልምጣ።

ሠርጉ ጂንካ ነበር፣ ጥር ላይ። ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልጅቷ አያቷ ዘንድ ሰንብታ ነበርና አማቴ ወደ አንድ ፀጉር ቤት ወሰዷት። ፀጉር ሠሪዋ ልጅቷን አየት አድርጋ፣ ልጅቷ ምንም እንደማትሰማ ሁሉ፣ ከአናቷ በላይ ለአያቷ እንዲህ አለች፦ «ይሄ እንዲህ እንዳለ አይሠራም። መጀመሪያ ሪላክስ ይደረግ፣ ከዛ ፔስትራ እናደርግላታለን።»

አማቴ ብር እንድልክ ደወሉልኝ። «እማማ፣ ይቆዩኝማ። ስምንት ዓመቷ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የሴት ልጅ ፀጉር ከመቼ ወዲህ ነው የወንድ ጉዳይ የሆነው? በሰው ፊት እንዴት ሆና ልትቀርብ ነው? እናቷ የለችም ብሎ ሰው ከንፈር እንዲመጥላት ነው የምትፈልገው?»

የመጨረሻዋ ነገር ሆዴ ገባች። አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም። የልጅ ልጃቸው በሠርግ መሐል «እናት የሌላት» እንዳትመስል መጨነቃቸው ነው። ፍቅር ነው። ግን ፍቅርም ቢሆን በስምንት ዓመት ልጅ ራስ ላይ ምን እንደሚፈስስ መጠየቅ አለበት። ብሩን አልላክሁም። በበነጋው አምጥቻት ተመለስኩ።

መንገድ ላይ ዝም ብላ ቆይታ «አባዬ፣ ፀጉሬ መጥፎ ነው እንዴ?» አለችኝ። «አይደለም» አልኳት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እሺ እንደ ጓደኞቼ ልላጭ» አለች።

እዚህ ላይ ስለ ጓደኞቿ ላስረዳችሁ። በአርቦሬ ባህል ያላገቡ ልጃገረዶች ፀጉራቸውን ይላጫሉ፤ ከፀሐዩ ለመከላከልም ጥቁር ጨርቅ አናታቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ። ሲያገቡ ፀጉር ያሳድጋሉ። ፎቶ የሚያነሱ ቱሪስቶች የሚያዩት ጌጡን ብቻ ነው፤ እዚህ ለሚኖር ሰው ግን ፀጉር ስለ ሰውየዋ የሚናገረው ነገር አለው፣ እንደ መታወቂያ ነው። የልጄ ጓደኞች ስለዚህ አብዛኞቹ የተላጩ ናቸው፣ ያምርባቸዋልም። እሷም እንደነሱ መሆን ብትፈልግ ክፋት አልነበረውም።

ግን የፈለገችው እንደነሱ ለመሆን አልነበረም። ከፀጉሯ ለመሸሽ ነበር።

ይህን ነገር ለጎረቤታችን ለአንዲት የአርቦሬ እናት አጫወትኳቸው። እኔ ቋንቋቸውን ገና እየተንገዳገድኩ ስለሆነ ተማሪዬ የሆነው ልጃቸው ነው ያስተረጎመኝ። ሰሙኝ፣ ሳቁ፣ ከዛ አንድ ነገር አሉ። ልጁ እንዲህ ብሎ መለሰው፦ «እኛ የምንላጨው ፀጉራችንን ስለጠላን አይደለም ይላሉ። ልጅቷ መጀመሪያ ትውደደውና ከዛ ከፈለገች ትላጨው ይላሉ።» እኔ ሠላሳ ምናምን ዓመት ኖሬ እንዲህ አጭር አድርጌ አስረድቼ አላውቅም።

ማታ በኢሞ ለእናቷ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዛ ሻሿን ፈታችና ካሜራውን ወደ ጆሮዋ ጀርባ አስጠጋችው። ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ የሳንቲም ያህል ቦታ ላይ ፀጉር አይበቅልም። አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ ለበዓል ብለው ሪላክስ ቀቧት፤ «ያቃጥለኛል» ስትል «ትንሽ ታገሺ፣ ውበት እንዲህ ነው» አሏት። ሻሿን ሁልጊዜ ወደ አንድ በኩል አዘንብላ የምታስረው ለዚህ ነው። «እኔ ታግሻለሁ፤ እሷ እንድትታገስ አልፈልግም። ግን ሠርጉ ላይ እንድታምር እፈልጋለሁ። እንዴት እንደምታደርግ አንተ ታውቃለህ» አለችኝና መስመሩ ተቋረጠ።

እንግዲህ ሦስት ሳምንት አለኝ፣ ተልባ አለኝ፣ የኬሚስትሪ መጽሐፍ አለኝ።

ተማሪዎቼ፣ «ይሄ ለኑሮ ምን ይጠቅማል?» ትሉኝ የነበረው የኬሚካል ትስስር ምዕራፍ እነሆ ጠቀመ።

ፀጉር የሚሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ከቆዳ በላይ የወጣው ክፍል ሕይወት የለውም። ስለዚህ እንደ ቁስል አይድንም፤ የተጎዳው ተቆርጦ ከሥር በሚያድገው ይተካል እንጂ። እድገቱም በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የእያንዳንዱ ፀጉር የላይኛው ሽፋን እንደ ሣር ክዳን ተደራርቦ የተነጠፈ ነው። ክዳኑ ተኝቶ ሲቀመጥ ፀጉሩ ይለሰልሳል፣ ያብረቀርቃል። ክዳኑ ሲነሳ የውስጡ እርጥበት ይወጣል፣ የውጭው አየር እንደፈለገ ይገባል፣ እያንዳንዷ ዘለላም በየፊናዋ ትቆማለች። መንጨባረር የምንለው ይኸው ነው። ፀጉሩ ተጠምቶ ነው እንጂ አምጾ አይደለም።

የተጠቀለለው ለምን ይብስበታል? የራሳችን ቆዳ ራሱ ወዝ ያመነጫል። በሉጫ ፀጉር ላይ ወዙ ሳይቸገር እስከ ጫፍ ይወርዳል። በተጠቀለለው ላይ ግን መንገዱ እንደ ኮንሶ ዳገት ጥምዝምዝ ነው፤ ወዙ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ሥሩ ወዛም፣ ጫፉ ደረቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። በየመታጠፊያው ደግሞ ፀጉሩ ደካማ ስለሆነ በደረቁ በማበጠሪያ ሲጎተት እዛው ላይ ይሰበራል።

አሁን ትስስሮቹ። ፀጉር ውስጥ ሁለት የሚያገባን ትስስር አለ። አንደኛው ሀይድሮጅን ቦንድ ነው፤ ደካማ ነው፣ በውሃ ይፈታል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይታሰራል። እርጥብ ፀጉር ተጎንጉኖ ከደረቀ የጉንጉኑን ቅርፅ የሚይዘው ለዚህ ነው። ቢጎዲን ተደርጎ ካስክ ውስጥ የሚገባውም፣ በፔስትራ የተዘረጋው ፀጉር ዝናብ ሲነካው የሚመለሰውም ለዚሁ ነው። ሁለተኛው ዳይሰልፋይድ ቦንድ ይባላል። ይሄኛው ጠንካራ ነው፣ ውሃ አይፈታውም። ሪላክሰር የሚሰብረው እሱን ነው። አንዴ ከተሰበረ ያ ፀጉር ወደነበረበት አይመለስም።

የሚሰብረው በምንድን ነው? ብዙዎቹ በሶዲየም ሀይድሮክሳይድ ነው። ሳሙና ለመሥራትና የተደፈነ ቱቦ ለመክፈት የምንጠቀምበት ኮስቲክ ሶዳ ማለት ነው። ፒኤቹ ከ12 በላይ ነው። «ኖ ላይ» የሚል የተጻፈባቸው ሶዲየም ሀይድሮክሳይድ ባይኖራቸውም በካልሲየም ሀይድሮክሳይድና በጓኒዲን ካርቦኔት የሚሠሩ ናቸው፤ እነሱም ጠንካራ ቤዝ ናቸው። ላቦራቶሪ ውስጥ ቤዝ ስታፈሱ ጓንት አድርጉ ብዬ የጮህኩባችሁ ልጆች፣ ይሄን አንብቡልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን ለ11 ዓመት ገደማ የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቶ ነበር። ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የተጠቀሙት ሴቶች ጨርሶ ካልተጠቀሙት ይልቅ የማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በ70 ዓመት ዕድሜ ሲሰላ ከማይጠቀሙት 1.64 በመቶ፣ አዘውትረው ከሚጠቀሙት 4.05 በመቶ ነው። ልብ በሉ፤ ጥናቱ ሁለቱ ነገሮች አብረው መታየታቸውን አሳየ እንጂ «ይሄ ያንን አመጣ» ብሎ አልደመደመም። ቁጥሩም ብዙዎቹ አይታመሙም ነው የሚለው። ማንንም ለማስፈራራት አይደለም የጻፍኩት። ትልቅ ሴት አውቃ፣ መርጣ ብታደርገው የራሷ ራስ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ግን አትመርጥም፤ ይመረጥላታል እንጂ።

እሺ፣ ወደ ሥራው። ብዙዎቻችሁ የጠበቃችሁት ይሄን ነው መሰለኝ።

1. አጠባ። በየቀኑ ማጠብ የለም፤ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን አንዴ ይበቃል። ደረቅ ሳሙና፣ በተለይ የልብስ ሳሙና፣ ክልክል ነው። የሳሙና ፒኤች 9 እና 10 አካባቢ ነው፤ የራስ ቆዳ ግን 5.5 ገደማ ነው። ሳሙና ያንን የሣር ክዳን ያስነሳዋል። ሻምፑ በውሃ አቅጥኜ ቆዳዋን ብቻ በጣቴ ጫፍ አሻለሁ፤ አረፋው ሲወርድ ጫፉን ያጥበዋል። የእኛ ውሃ ከባድ ውሃ ስለሆነ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ ፀጉር ላይ ይቀራል፣ ያደርቃል። ስለዚህ ዝናብ ሲኖር ከቆርቆሮው የሚወርደውን ለመጨረሻ ማለቅለቂያ አስቀምጣለሁ። ለአንድ አጠባ ግማሽ ጀሪካን ይበቃል፤ እዚህ ውሃ ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ እንደ ከተማ አይፈስስም።

2. ማፍታታት። በደረቁ በፍጹም። ፀጉሩ እርጥብ ሆኖ፣ ኮንዲሽነር ወይም የተልባ ቅባት ተቀብቶ፣ አራት ቦታ ተከፍሎ ነው የሚፈታው። መጀመሪያ በጣት፣ ከዛ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ። ሁልጊዜ ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ሥር ይወጣል። ከሥር ጀምሮ ወደ ጫፍ መጎተት ቋጠሮን ሁሉ አንድ ቦታ መሰብሰብ ነው፤ ልጅም ታለቅሳለች። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን፤ ማባዣ ሰንጠረዥ እያስጠናኋት ነው ያሳለፍነው። አሁን ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ የስምንትን ማባዣም ጨርሳለች።

3. ተልባ። ሩብ ኩባያ ተልባ ሳይፈጭ በሁለት ኩባያ ውሃ ይጣድ። በመለስተኛ እሳት እያማሰላችሁ እንደ እንቁላል ነጭ ሲዝለገለግ አውጡት፤ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ሳይቀዘቅዝ በስስ ጨርቅ ወይም በንጹሕ የናይለን ካልሲ አጥልሉት፤ ከቀዘቀዘ አይወርድላችሁም። ፍሪጅ ያላችሁ ሳምንት ታቆዩታላችሁ። እንደ እኔ ፍሪጅ የሌላችሁ ለአንድ ጊዜ የሚሆን ብቻ ሥሩ፤ በዚህ ሙቀት በነጋታው ይሸታል። ውሃው ገና በሚንጠባጠብ ፀጉር ላይ፣ ከላይ ወደ ታች በመዳፍ እየደባበሳችሁ ቀቡት። የተነሳውን ክዳን የሚያስተኛው ይሄ ነው።

4. ዘይት መጨረሻ ላይ። ዘይትም ቅቤም ፀጉርን አያጠጡም፤ የጠጣው ውሃ እንዳይወጣ ይከድናሉ እንጂ። ደረቅ ፀጉር ላይ ቅቤ ማፍሰስ ባዶ እንስራ እንደ መክደን ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዛ ተልባ፣ ከዛ ጥቂት ጠብታ ዘይት። እኔ የጉሎ ዘይት ከምግብ ዘይት ጋር ቀላቅዬ ነው የምጠቀመው፤ ጉሎ ብቻውን ይወፍራል። ለጋ ቅቤ የእናቶቻችን ነው፣ ደጋ ላይ ግሩም ነው፤ እዚህ ግን ቀልጦ አንገት ላይ ይወርዳል፣ አቧራም ይሰበስባል።

5. ማድረቅ። ፎጣ ሻካራ ነው፤ ያረጀ የጥጥ ቲሸርት ጠምጥማችሁ ውሃውን ብቻ ያዙለት፣ አትሹት። ከዛ እስኪደርቅ አትንኩት። ሀይድሮጅን ቦንዱ እየታሰረ ነው፤ እጅ በነካው ቁጥር ይበተናል። ልጄን ከሁሉ የከበዳት ይሄ ነው። እጇን ይዤ ተረት አወራላታለሁ።

6. ሹሩባ። ለስለስ ተደርጎ ይሠራ። ግንባር እስኪወጠርና ዓይን እስኪላላጥ የሚታሠር ሹሩባ ፀጉርን ከሥሩ እየነቀለ ነው። የግንባራቸው ፀጉር ወደ ኋላ የሸሸ ስንት እህቶቻችንን እናውቃለን! ሲውል ሲያድር ሥሩ ይሞትና ተመልሶ አይበቅልም። እኔ ሹሩባ አልችልም፤ ሁለት ሁለት ዘለላ እያጠማዘዝኩ እንደ ገመድ ነው የምሠራት። ወንዶች ሆይ፣ ገመድ መግመድ የሚችል ሁሉ ይሄን ይችላል።

7. ሌሊት። ትራስ ላይ የሚታሸው ፀጉር ሲነጋ ይንጨባረራል። የሚያንሸራትት የሳቲን ሻሽ አስሬላት ነው የምትተኛው።

ሰባተኛውን የተማርኩት ከኢንተርኔት ነው ብዬ ነበር ለክፍል ተማሪዎቼ የነገርኳቸው። አንድ የሐመር ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ የእኛ ሰዎች ቦርኮቶ የሚያደርጉት ለዚሁ አይደል?» አለ። እውነቱን ነው! በደቡብ ኦሞ ወንዶች ፀጉራቸውን በሸክላ ጭቃ አሳምረው ሠርተው ሲተኙ፣ ፀጉሩ መሬት እንዳይነካ አንገታቸውን የሚያሳርፉት ያቺ በእጃቸው ይዘዋት የሚዞሩት የእንጨት መቀመጫ ላይ ነው። የሐመር ሴቶች ደግሞ ፀጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ሠርተው ያስተኙታል፤ ቅቤው እርጥበቱን ይከድናል፣ አፈሩ ከፀሐይ ይጋርዳል። ዲመካ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ያየው ነገር ነው። ሌላው ዓለም በሳቲን ትራስና በቅባት ማሸጊያ የደረሰበትን እነዚህ ሰዎች ከአገራቸው እንጨትና አፈር ነው የሠሩት። ከቦርድ ጀርባ ሆኜ ኩራት ተሰማኝ፤ ልጁም እንደዛው።

ሠርጉ ደረሰ። በዋዜማው እንደ ገመድ ገመድኳት፣ አሳደርኳት፣ ጠዋት እጄን ዘይት አስነክቼ ፈታኋት። ያያችሁት ፎቶ እሱ ነው። ፍጹም ነበር አልላችሁም፤ ከሰዓት በኋላ ጭፈራው ሲጦፍ ወደ ላይ መነፋት ጀምሮ ነበር። እሷ ግን ልብ አላለችውም። ስትጨፍር ፀጉሯም አብሯት ይጨፍር ነበር።

አማቴ ከሩቅ አይተዋት መጡና በጣታቸው አንዷን ጥቅልል ስበው ለቀቋት። ተመልሳ ዘለለች። ደግመው ሳቧት። «ማን ሠራት?» አሉ፣ እያወቁ። «እኔ ነኝ እማማ።» «ወንድ ልጅ ሆነህ!» አሉና ሳቁ። ከዛ ግን ወዲያው «አሥራ ሁለት ሲሞላት እንነጋገራለን» ብለውኛል። ስለዚህ ጦርነቱ አላለቀም፤ የአራት ዓመት ተኩስ አቁም ነው የተፈራረምነው። አሥራ ሁለት ሲሞላት ደግሞ ራሷ ትናገራለች። እኔ የምፈልገው ያን ጊዜ «ፀጉሬ መጥፎ ነው እንዴ?» ብላ ሳይሆን «እንዲህ ይሁንልኝ» ብላ እንድትናገር ነው። ያኔ ብትላጭም፣ ብታሳድግም፣ ብታለሰልስም ከእሷ ጋር ነኝ።

አሁን ለመምህራን ጓደኞቼ አንድ ቃል።

ከዚህ በፊት ባስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ፀጉርሽ አልተበጠረም» ተብላ ከበር ተመለሰች። ያን ቀን የሒሳብ ፈተና ነበር። ልጅቷ ፀጉሯን አበጥራ ነበር፤ የተበጠረ ጥቅልል ፀጉር መልኩ እንደዛ ነው። የሚያሳዝነኝ ፈተናው ማለፉ ብቻ አይደለም። ከዛ በኋላ ጀርባ ወንበር ላይ፣ በሻሽ ተሸፋፍና ነበር የምትቀመጠው፤ መልሱን እያወቀችም እጇን አታወጣም ነበር። በደቡብ አፍሪካ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተማሪዎች የተፈጥሮ ፀጉራቸው «ንጹሕ አይመስልም» በመባሉ ሰልፍ ወጥተው ዓለም ሰምቷቸዋል። ከፊት የነበረችው ዙላይካ ፓቴል የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። የእኛ ልጆች ሰልፍ አይወጡም፤ ዝም ብለው ይቀራሉ። ንጽሕናን እንቆጣጠር፣ ቅማልና ፎረፎርን እናስተምር፤ የፀጉርን ተፈጥሮ ግን እንደ ጥፋት አንቁጠር።

ደግሞ እኮ የእኛ ታሪክ ይሄን አያውቅም አይባልም። የአፄ ቴዎድሮስን ሥዕል ያለ ሹሩባቸው የሚያስብ ማን ነው? በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ ከራሳቸው የተቆረጠው ፀጉር እንግሊዝ አገር ተወስዶ፣ ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሁለቱን ዘለላዎች ለኢትዮጵያ መልሷል። ጣሊያንን በየዱሩ የተዋጉት አርበኞቻችንም ፎቷቸው ላይ ጎፈሬያቸው ቆሞ ነው የምናያቸው። ሁለት ዘለላ ፀጉር ለማስመለስ የምትደክም አገር የሴት ልጆቿን ፀጉር «እንቢተኛ» ብላ ከበር አትመልስም።

እናንተ ደግሞ የድሮ ተማሪዎቼ፣ አሁን እናትና አባት የሆናችሁ አላችሁ። ልጃችሁ ፊት ስለ ፀጉሯ ስታወሩ እየሰማች መሆኑን አትርሱ። በተለይ አባቶች፣ «የሴት ሥራ ነው» አትበሉ። በሳምንት አንዴ ልጅ ጉልበታችሁ መሐል ተቀምጣ ሠላሳ ደቂቃ ስታወራላችሁ የምትሰሙትን ነገር በሌላ ሰዓት አትሰሙትም። የእኔዋ ስለ ክፍሏ፣ ስለ ጓደኞቿ፣ እናቷን በሕልሟ ስለማየቷ የነገረችኝ ሁሉ ማበጠሪያው እጄ ላይ እያለ ነው።

ራስ ላይ ቁስል፣ ማሳከክ ወይም እንደ ክብ ሆኖ የሚረግፍ ፀጉር ካለ ግን ተልባ አያድነውም፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሌላ ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ኔትወርክ ሲመጣ እመልሳለሁ።

በነገራችን ላይ ተልባ እዚህ አይበቅልም፤ ያለኝም ሊያልቅ ነው። ከጂንካ ወደዚህ የምትመጡ ሁለት ኪሎ ይዛችሁልኝ ብትመጡ የልጄ ምርቃት ይደርሳችኋል።

ቸር ሰንብቱ።